ሞላላው ማኅተም

ሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን 1977

…የራሰውን ወረቀት ከመስታወት ሥር ያስተኛውና ወንበር ስቦ አጠገቡ ይቀመጣል፣ በሽተኛ እንደሚያስታምም ሰው። እስኪደርቅ ድረስ ማንም አይነካውም። ከዚያስ? ከዚያማ አላውቅም። አለቃዬ ጋሽ ገሠሠ የድሮ ጣሊያን አለቃቸውን ታሪክ ሲነግሩኝ ስድስት ዓመት ሆነ፤ እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ደወል ይደወላል። ዛሬም ተደወለ። የውይይት ሰዓት።

ውይይቱ ስለ ምርታማነት ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ በወርክሾፑ ውስጥ አንድ ብረት አልተቆረጠም። እጄን አራት ጊዜ አወጣሁ። ሁለቱን ለምን እንዳወጣሁ አስታውሳለሁ።

ከስብሰባው በኋላ አዲስ ሥራ ተነገረን። ዝዋይ አጠገብ ላለው የመንግሥት እርሻ አስራ ሁለት ፍላንጅ። ፓምፑንና ቱቦውን አፍ ለአፍ የሚያጋጥመው ክብ ብረት… ለማን ነው የማብራራው? ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም። ባይኖር ይሻላል።

ዝናብ ከጠፋ ቆየ። ብረት ቆራጫችን ነጋሳ፣ ወለንጪቲ ያለው የአባቱ ማሳ መንገድ ሆኗል ይላል፣ ሰው በላዩ እያቋረጠ ገበያ ይሄዳል። ዝዋይ ሐይቅ አለ። ውሃው እዚያ ተኝቷል፣ የእርሻው ሽንኩርት ዳሩ ላይ ይደርቃል፣ መሐላቸው አስራ ሁለት የማይሠሩ ፓምፖች። ሥራው "አንገብጋቢ" ተብሏል። እዚህ ቤት አንገብጋቢ ያልተባለ ሥራ አይቼ አላውቅም። ይሄኛው ግን እውነት ሳይሆን አይቀርም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

ንድፉ ከአዲስ አበባ ደረሰ። ለአደባባዩ የሚተከል ችግኝ ከጫነ መኪና ጋር ነው የመጣው። ችግኞቹ በየመንገዱ ውሃ ሲጠጡ ነበር፤ ወረቀቱም አብሯቸው ጠጥቷል። ጥቅልሉን ከሩቅ አየሁት። ይንጠባጠባል።

ለእኔ አልተሰጠኝም። መጀመሪያ በጓድ ሰብስቤ በኩል ማለፍ አለበት። የምርትም የፖለቲካም ኃላፊያችን ናቸው፤ ሁለቱ ሲጋጩ አይቼ አላውቅም፣ ምርቱ ሁልጊዜ ይሸነፋል።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። እንደ ሙሽራ ሸሚዝ ልስልስ ብሎ። አንድ እጥፋት የለውም። እርጥብ የነበረ ወረቀት እንዲህ ይሆናል? ደስ ሊለኝ ሲገባ ጠረጠርኩ።

ንድፉ በልኩ ነው የተነሣው፣ አንድ ለአንድ። የእኔ ሥራ ቆርቆሮ ላይ ገልብጬ፣ በመቀስ ቆርጬ ፎርማ ማውጣት ነው። ነጋሳ ፎርማውን ወፍራሙ ላሜራ ላይ አስሮ ጠርዙን በጋዝ እሳት ይከተላል። ስለዚህ የእኔ ስህተት የእሱ ስህተት ይሆናል፣ የእሱ የብረቱ። ከብረት በኋላ ላጲስ የለም።

ከመገልበጤ በፊት እለካለሁ። ልማድ ነው፤ ጋሽ ገሠሠ ያስያዙኝ። ወርዱ ስድስት መቶ ሚሊ ሜትር። ደግ። ቁመቱ ስድስት መቶ አስራ ሁለት።

እንደገና ለካሁ። ማስመሪያ ቀየርኩ። የማስመሪያው ጥፋት እንዲሆን ተመኘሁ… ማስመሪያው ንጹሕ ነው። ክቡ ክብ አይደለም። ሞላላ ነው። ወረቀቱ ወደ ቁመቱ ከመቶ ሁለት ተለጥጧል፣ ወደ ጎኑ ምንም።

በንድፉ ላይ "የውጭ ዲያሜትር 600" ተብሎ ተጽፏል። ቁጥሩ ሌላ ይላል፣ መስመሩ ሌላ። የብሎን ቀዳዳዎቹ ደግሞ ቁጥር የላቸውም፤ ከአሮጌው ፓምፕ ላይ በቀጥታ የተነሡ ናቸው፣ ርቀታቸው እኩል አይደለም። መስመሩን ካላመንኩ የማምነው የለኝም። ካመንኩት ደግሞ ብሎኑ አይገባም።

ከታች በታይፕ፦ "ሥራው በጸደቀው ንድፍ ብቻ ይፈጸም። ማናቸውም ለውጥ በኢኮኖሚ አሻጥር ያስጠይቃል።" ከሥሩ ማኅተም፣ ሐምራዊ።

ጋሽ ገሠሠ የንድፍ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ክፍሉ እሳቸውና እኔ ነን።

"ጋሽ ገሠሠ፣ ይህ ወረቀት ተለጥጧል።"

መነጽራቸውን አወለቁ። ማየት በማይፈልጉ ጊዜ ያወልቁታል።

"ወይዘሪት ፀዳለ፣ ዛሬ ስንት ቀን ነው?"

"ሰባት።"

"ሦስት ወር ከሃያ ሦስት ቀን።" ለጡረታቸው የቀረው ነው። "አንቺ ወረቀቱን ለካሽው እንጂ ወረቀቱ ልለካ አላለሽም።"

ይህን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፣ ሳልለካ መስመር እንዳላሰምር።

ዓርብ፣ የካቲት 8

ምስጢሩ ተገለጠ። ምነው ባልተገለጠ።

ጥሩነሽ፣ የጓድ ሰብስቤ ጸሐፊ፣ እጇን ስትታጠብ አገኘኋት። "ወረቀቱ እንዴት አማረ?" አለችኝ። ምስጋና ፈልጋ ነው።

"እንዴት ነው ያደረቃችሁት?"

"ካውያ ከቤት አመጣሁ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ተጨማዶ ለሠራተኛ አይሰጥም አሉ እሳቸው። አንዱን ጫፍ እኔ፣ አንዱን ጫፍ እሳቸው ይዘን ስበን ስበን… እኔ በአንድ እጄ ስተኩስ። ላባቸው ጠብ እስኪል ነው የጎተቱት። እንዲህ ሲሠሩ አይቼ አላውቅም።"

እኔም አላየሁም። በሁለት ዓመት ውስጥ በእጃቸው የሠሩት የመጀመሪያ ሥራ ነው፤ ስድስት መቶውን ስድስት መቶ አስራ ሁለት አደረጉት። ዕቅዱን ከመቶ ሁለት ማሳለፍ ይሉታል።

ምን ልበል? ለማን? "ጓድ፣ ሲተኩሱት ነው የተበላሸው" ብዬ… አይ።

ሰኞ፣ የካቲት 11

ነጋሳ ቱታውን እንደለበሰ መጣ። "አካም ጂርታ ፀዲ? ፎርማዬስ?"

እንዳልደረሰ ነገርኩት። ለምን እንዳልደረሰም ነገርኩት፤ ስለ ካውያው ሳይሆን ስለ ሞላላው።

ወረቀቱን ጎንበስ ብሎ አየ። "ይሄ ለጋሪ ጎማ ቢሆን ፈረሱ ራሱ ስብሰባ ይጠራ ነበር" አለ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። "በዚህ ብቆርጥ ብሎኑ ይገባል?"

"አይገባም።"

"ካልገባ የሚጠየቀው ማነው?"

ሁለታችንም እናውቃለን። ነጋሳ ባለፈው ዓመት አንድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል፣ ከእሱ በፊት በተሰበረ የጋዝ ግፊት መለኪያ። ሁለተኛ ከተሰጠው ጉዳዩ "ለሚመለከተው አካል" ይተላለፋል። የሚመለከተውን አካል አይቶት የሚያውቅ የለም። የሄዱበት ሰዎችም መጥተው አልነገሩንም።

የምሳ ሰዓት ሰው ሲወጣ ቀረሁ። ቁመቱን ሁሉ፣ ነጥብ በነጥብ፣ ለአንድ ነጥብ ዜሮ ሁለት አካፈልኩ። ወርዱን አልነካሁም። አስራ ስድስቱን ቀዳዳ አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለስኩ። ሲያልቅ በኮምፓስ ዞርኩት… ክብ። እርሳሱ የተነሣበት ነጥብ ላይ ተመልሶ ሲያርፍ እንባዬ መጣ። ለአንድ ቆርቆሮ። ሰላሳ አራት ዓመቴ ነው።

ፎርማው ላይ በአሠራሩ መሠረት የሠራው ሰው ይፈርማል። ትንሽ አድርጌ ፈረምኩ። እንዳይነበብ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 12

በዓል። ቤት ዋልኩ። የሳሙናውን ዕቃ፣ የሳጥኑን ክዳን፣ የመስኮቱን መስታወት ለካሁ። ሁሉም ልኩን ነው። አላመንኩም፣ ደግሜ ለካሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 14

ነጋሳ ሦስቱን ቆርጦ ጨርሶ ነበር። አራተኛውን ሊጀምር ሲል ጓድ ሰብስቤ ለጉብኝት መጡ፣ ከኋላቸው ሁለት የኮሚቴ ሰዎች። ከሶደሬ መመለሳቸው ነው፤ የበዓሉ እንግዶች እዚያ ፍል ውሃ ሲታጠቡ ሰንብተዋል። ፊታቸው ቀልቷል።

"ከንድፉ ጋር አመሳክሩት" አሉ።

ወረቀቱ ብረቱ ላይ ተዘረጋ። ከላይ ስድስት ሚሊ ሜትር፣ ከታች ስድስት ሚሊ ሜትር ወረቀት ተረፈ። ብቻ ይህን ያህል። የጣት ጥፍር ግማሽ። ጓድ ሰብስቤ የተረፈውን በጣታቸው ነኩት፣ አቧራ እንዳለው ለማየት ይመስላል።

"ብረቱ ለምን አነሰ?" ለነጋሳ ነው።

ነጋሳ ወደ እኔ አላየም። መሬት አየ። እኔ ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ… "ሰኞ ስብሰባ" ብለው ሄዱ። አልተናገርኩም። ይህንን ሳልለጥጥም ሳላሳጥርም ልጻፈው፦ አልተናገርኩም።

ዓርብ፣ የካቲት 15

ነጋሳ ሰላም አለኝ እንደ ወትሮው። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

ማስረጃ ያስፈልገኛል። ወረቀቱ መለጠጡን የሚያሳይ። ማስመሪያዬን አያምኑም፣ ቁጥሩን አያምኑም። የሚያምኑት ምንድነው? ስብሰባ ላይ ሲነሡ ሲቀመጡ የሚሳለሙት ነገር…

ማኅተሙ።

ማኅተም ከጎማ ነው የሚቀረጸው፣ ክብ ሆኖ። አዲስ አበባ ላይ ሲመታ ወረቀቱ ደረቅ ነበር። ካውያው የመጣው በኋላ ነው። እንግዲህ ወረቀቱ ተጎትቶ ከሆነ ማኅተሙም አብሮ ተጎትቷል። ካሊፐር፣ ጥቃቅኑን ልክ የምወስድበትን መለኪያ፣ አወጣሁ። በጎኑ ሃምሳ ሚሊ ሜትር። በቁመቱ ሃምሳ አንድ።

መንግሥትን አንድ ሚሊ ሜትር ተለጥጦ አገኘሁት።

ጋሽ ገሠሠ ከበስተኋላዬ ቆመው ነበር። ሲገቡ አልሰማሁም።

"ማኅተሙን አትለኪ" አሉ። በቀስታ።

"ማስረጃ ነው ጋሽ ገሠሠ።"

"ስለሆነ ነው።"

ሰኞ፣ የካቲት 18

ስብሰባው። እንደተባለው ልጻፈው፣ ነገ ሌላ ነው የተባለው ይባል ይሆናል።

ጓድ ሰብስቤ፦ "ጓድ ነጋሳ፣ ከጸደቀው ንድፍ በአስራ ሁለት ሚሊ ሜትር ያነሰ ብረት ቆርጠሃል። ታምናለህ?"

"ብረቱ ፎርማውን ነው የተከተለው።"

"አንተስ?"

"እኔ ብረቱን።"

አንድ ሰው ሳቀ፣ ወዲያው ወደ ሳል ቀየረው።

"ከዚህ በፊትም ማስጠንቀቂያ አለህ…"

ተነሣሁ። እግሬ ቀድሞኝ ነው የተነሣው። "ፎርማውን የሠራሁት እኔ ነኝ።"

"በማን ትእዛዝ?"

"በቁጥሩ። ንድፉ ላይ ስድስት መቶ ይላል።"

"መስመሩስ?"

"መስመሩ ተለጥጧል። ወረቀቱ ርሶ ስለነበር።" የጥሩነሽ ብዕር ቃለ ጉባኤው ላይ ቆመ። ስለ ካውያው አላነሣሁም። እሷን ላድን ነው ወይስ እኔን? እሷን ነው ብዬ አሰብኩ። ደስ የሚል ሐሳብ ነው።

ጓድ ሰብስቤ ወደ ተሰብሳቢው ዞሩ። "ጓዶች፣ ወረቀት ይለጠጣል?"

አብዛኛው ጓድ ወረቀት እንደማይለጠጥ አምኖ ራሱን ነቀነቀ። ሁለት ሰዎች ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። አንድ ልብስ ሰፊ የነበረ ጓድ አፉን ከፈተ፣ ዘጋው።

"ማስረጃ አለሽ?"

ካሊፐሩን ከኪሴ አወጣሁ። ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። በጎኑ አስቀመጥኩት፣ አነበብኩ። በቁመቱ አስቀመጥኩት፣ አነበብኩ። "ማኅተሙ ክብ መሆን ነበረበት። አሁን አንድ ሚሊ ሜትር ሞላላ ነው። ማኅተሙ ከተለጠጠ ወረቀቱም ተለጥጧል ማለት ነው።"

ውጭ የጋሪ ፈረስ ቃጭል ተሰማ፣ ራቀ።

"ጓዲት ፀዳለ" አሉ ጓድ ሰብስቤ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው፣ "የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ትክክል አይደለም እያልሽ ነው?"

"ወረቀቱን ነው ያልኩት።"

"የለካሽው ግን ማኅተሙን ነው።"

"አዎ።"

"ማን ፈቀደልሽ?"

በስድስት ዓመት ውስጥ ያልለካሁት የለም፤ ፈቃድ የሚያስፈልገው ነገር ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው። ጋሽ ገሠሠን አየኋቸው። የማይዞረውን የጣሪያ ማራገቢያ ያያሉ።

ውሳኔ ተነበበ። ማኅተሙ ትክክል በመሆኑ ወረቀቱ ትክክል ነው፤ ወረቀቱ ትክክል በመሆኑ ብረቱ ስህተት ነው። የተቆረጡት ሦስቱ "ማስረጃ" ተብሎ ተጽፎባቸው ግምጃ ቤት ይቀመጡ። ሥራው በጸደቀው ንድፍ እንደገና ይሠራ። የነጋሳና የእኔ ጉዳይ ውጤቱ ከዝዋይ እስኪታወቅ በእንጥልጥል ይቆይ።

ውሳኔውን ለማጽደቅ እጅ ይውጣ ተባለ። እጄን አወጣሁ። ልማድ ነው… ልማድ ነው?

ረቡዕ፣ የካቲት 20

ሞላላውን ፎርማ ሠራሁ። በጥንቃቄ። በሕይወቴ እንዲህ የተዋጣለት ስህተት ሠርቼ አላውቅም፤ ከወረቀቱ በፀጉር አይለይም። ጓድ ሰብስቤ አመሳክረው "አየሽ፣ ሲፈልጉ ይቻላል" አሉኝ።

ነጋሳ ፎርማውን ተቀብሎ እያገላበጠ አየው። "ማል ታኤ ፀዲ? ምን ሆነ? ይህን እንቁላል እኔ ልቀፍቅፈው?"

"ቁረጠው ተብሏል።"

"እሺ። ጫጩት ቢወጣው ግን ለኮሚቴው ነው።"

ሐሙስ፣ የካቲት 21

ላሜራው ለዘጠኝ ብቻ በቃ። ሦስቱ "ማስረጃ" በልተውታል። ይሁንና ወደ በላይ አካል የሄደው ሪፖርት አስራ ሁለት ተሠርቶ ተጠናቀቀ ይላል። ጥሩነሽ ናት የነገረችኝ፣ የታይፑን ቀለም ከጣቷ እያስለቀቀች። ስለ ካውያው ጠየቅኋት፣ ቢያስፈልግ ትመሰክር እንደሆነ።

"እኔ ምንም አላየሁም" አለች። ትንሽ ቆይታ፦ "ካውያው ግን የኔ ነው።"

ሐሙስ፣ የካቲት 28

መኪናው ዛሬ ወደ ዝዋይ ሄደ። ከመስኮት ነው ያየሁት። ነጋሳ ዘጠኙን ጭኖ የግምጃ ቤቱን በር አንኳኳ። ራህመቶ፣ ግምጃ ቤት ጠባቂው፣ የማስጫኛ ወረቀቱን አንብቦ ጣቱን ላዩ ላይ አስኬደ።

"አስራ ሁለት ይላል" አለ።

"ዘጠኝ ጭኜ ወረቀቱን ላስዋሸው?" አለው ነጋሳ።

ራህመቶ አሰበ። በጣም አሰበ። በወረቀቱ ላይ ማኅተም አለ። ከዚያ ሦስቱን ማስረጃዎች ራሱ አንከባሎ አወጣቸው፣ "ማስረጃ" የሚለውን ጽሑፍ በጨርቅ ጠራርጎ። ማንም ከጸደቀው ወረቀት ንቅንቅ አይልም ተብሏል፤ እሱም አላለም።

ነጋሳ ወደ መስኮቴ ቀና አለ። በዐይኑ ጠቀሰኝ። መኪናው ወጣ።

ልስቅ ነበር። ሦስቱ ይገጥማሉ። ዘጠኙ አይገጥሙም። ሦስቱ ባይገጥሙ ኖሮ የአስራ ሁለቱም ጥፋት ፓምፑ ላይ ይላከክ ነበር፣ ወይ ድርቁ ላይ። አሁን ግን ጎን ለጎን ይቆማሉ… የሚታይ ነገር ሠራን።

ሰኞ፣ መጋቢት 2

ምንም የለም። የምርታማነት ውይይት። እጄን አላወጣሁም። ማንም ልብ አላለም፣ ወይም ሁሉም ልብ ብለዋል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 4

ከእርሻው ደብዳቤ መጣ። መካኒኩ ነው የጻፈው፣ ፖለቲካ የማያውቅ ሰው ይመስላል። "ሦስቱ በትክክል ገጥመው ውሃ እየሳቡ ሲሆን፣ የቀሩት ዘጠኙ ብሎናቸው ከቀዳዳው ጋር ስላልተገናኘ በሦስቱ ዓይነት ተሠርተው በአስቸኳይ እንዲላኩልን።"

እንዲህ ያለ ደግ ደብዳቤ ሰው ይገድላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ውጤቱ ታውቋል፣ ስለዚህ እንጥልጥሉ ይወርዳል ብዬ ነበር። የዋህ። ኮሚቴው ከሰዓት በኋላ ተሰበሰበ። ዘጠኙን ማን አበላሸ ተብሎ አልተጠየቀም፤ እነሱ በጸደቀው ንድፍ የተሠሩ ናቸው። የተጠየቀው ሦስቱን ማን አሠራቸው የሚል ነው። ማስረጃ ተሰርቋል። የተሰረቀው ማስረጃ ዝዋይ ላይ በአደባባይ ውሃ እየሳበ ሽንኩርት ያጠጣል።

ቅዳሜ ከበላይ አካል ሰው ይመጣል ተብሏል።

ዓርብ፣ መጋቢት 6

ነጋሳ ጠዋት ተጠርቶ ነበር። ሲወጣ አገኘሁት፣ በቆሻሻ ብረቱ ክምር አጠገብ።

"ምን አልካቸው?"

"ወረቀቱ አስራ ሁለት ይላል አልኩ።"

"እነሱስ?"

"ቅዳሜ ተመለስ አሉኝ።" ጓንቱን አውልቆ አጣጠፈው፣ ሸሚዝ እንደሚያጣጥፍ ሰው። "ልብስ ይዘህ አሉኝ።"

"ስለ እኔ…"

"አንቺን አልጠሩሽም። ስብሰባ ላይ ያልሽውን ትተው ፎርማውን ነው የሚያዩት፤ ፊርማሽ ደግሞ አይነበብም እኮ።" አልሰደበኝም። እንደ ጥሩ ዜና ነው የነገረኝ።

ቤት እንደገባሁ ጻፍኩ። ሁሉንም፦ ችግኙን፣ ካውያውን፣ የጎተተውን እጅ፣ ከመቶ ሁለቱን፣ የማኅተሙን ሃምሳ አንድ ሚሊ ሜትር፣ ፎርማውን ያስተካከልኩት በራሴ ውሳኔ መሆኑን፣ ነጋሳ የቆረጠው የእኔን ልክ መሆኑን። አንድ ገጽ ተኩል። ጥሩነሽን "አንዲት ሠራተኛ" አልኳት፤ ከዚያ የበለጠ መሸፈን አልቻልኩም። ካውያ ያላት ጸሐፊ አንድ ብቻ ናት።

ፊርማው ላይ ስሜን ከነአባቴ በትልቁ ጻፍኩ። ሕፃን ልጅ እንኳን ያነበዋል። ካየሁት በኋላ በጣም ትልቅ መሰለኝ… ለመቀነስ ወረቀት አልነበረኝም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 7

ከጓድ ሰብስቤ ቢሮ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። የሚያልፍ ሰው ሪፖርት የማዘጋጅ ይመስለዋል። ከአጠገቤ ነጋሳ፣ እግሩ ሥር ትንሽ ቦርሳ። ሚስቱ ሁለት ሸሚዝና ሳሙና ጨምራለች። ሳሙናውን አሳየኝ። "አስራ ሁለት ቀን ይበቃል?" አለኝ።

ልቀድመው ነው የመጣሁት። ሲጠራ ቀድሜው እገባለሁ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። አራት ጊዜ በሐሳቤ ገብቼ ወጣሁ።

ጋሽ ገሠሠ መጡ። ቅዳሜ አይገቡም ነበር። ጥቁሩን ኮት ለብሰዋል፣ ለለቅሶ የሚለብሱትን። ሰላም ሳይሉን መሐላችን ተቀመጡ።

"ስጪኝ" አሉ።

"ምኑን?"

"እጅሽ ላይ ያለውን።"

ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉና አነበቡ፣ እንደ ንድፍ፣ ከዳር እስከ ዳር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ቆሙ። እርሳስ ከደረት ኪሳቸው አወጡ።

"ሃምሳ አንድ አይደለም። ሃምሳ ነጥብ ዘጠኝ ነው።"

አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ።

"እርስዎም ለክተውታል?"

"የካቲት ሰባት። አንቺ ለምሳ ስትወጪ።"

ነጋሳ ሳሙናውን ወደ ቦርሳው መለሰ። ሁለታችንም ቀና ብለን አላየናቸውም። ከእኔ በፊት ያውቁ ነበር… ስብሰባው ላይ ማራገቢያውን ሲያዩ ያውቁ ነበር። ልናደድባቸው ፈለግሁ፤ ጊዜ አልነበረም። ቁጥሬን ሰርዘው የራሳቸውን በላዩ ጻፉ። ወረቀቱን በአራት አጠፉት። ውስጥ ኪሳቸው ከተቱት።

"ጋሽ ገሠሠ፣ ይመልሱልኝ።"

"ገና እያየሁት ነው። የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ።"

ከውስጥ ድምፅ መጣ። የማላውቀው ድምፅ፣ የአዲስ አበባው ሰው መሆን አለበት። "የሚመለከተው ይግባ።" ስም አልጠራም።

ነጋሳ ቦርሳውን አነሣ። እኔ ተነሣሁ። ጋሽ ገሠሠ ከሁለታችን ቀድመው ቆመዋል፣ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ኮታቸውን እየቆለፉ።

"ወረቀቴ…" አልኩ።

አልዞሩም። ገቡ። በሩ ተዘጋ።